ነጩ ዱቄት

ጠረጴዛዬ ላይ የተሰበረ የሳይክል መሪ አለ። ግማሹ ብቻ ነው፤ የግራው። ከስልኬ ይቀላል። ሥራ ሲሰለቸኝ አነሳውና የተሰበረበትን አፍ ወደ መብራት አዙሬ አየዋለሁ። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ "ይሄን ቆሻሻ ለምን አትጥለውም?" ይለኛል። ትንሽ ደም የፈሰሰበት ትምህርት ነው፤ እንዲሁ አይጣልም።

የተሰበረው አንድ ጠዋት ዳገት ላይ ነው። ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ መሪውን በሁለት እጄ ወደ ራሴ እየሳብኩ ፔዳል እረግጣለሁ። ቀጭ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ግራ እጄ ቁራጩን እንደጨበጠ ወደ ደረቴ መጣ። ሳይክሉ ወደ ቀኝ ሄደ፣ እኔ ወደ ግራ። ጉልበቴና ክርኔ ተላጠ፣ በቃ። ዳገት ስለሆነ ፍጥነቴ ከሚሮጥ ሰው አይበልጥም ነበር። ያው መንገድ ግን ሲመለሱበት ቁልቁለት ነው። የዚያን ቀን ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ ስመለስ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

መውደቄ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ከአምስት ወር በፊት የሆነው ነው። የመሪውን ቴፕ ስቀይር አሮጌው ሲላቀቅ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ። ጠመኔ ይመስላል። መሪው መሃል ላይ በቡሎን ከሚታሰርበት ማቀፊያ አጠገብ ደግሞ ወፈር ብሎ ቅርፊት ሠርቷል። አየሁት። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ቅርፊቱ ሲለቅ ቦታው በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፣ እንደ አሸዋ። "አሉሚኒየም አይደል፣ ምን ይሆናል" አልኩና አዲሱን ቴፕ ጠቀለልኩበት።

ይህን ያለው መካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነው። ያውም የመመረቂያ ሥራውን በአሉሚኒየም ድካም (ጫና ሲመላለስበት በመሰንጠቁ) ላይ የሠራ።

* * *

"አሉሚኒየም አይዝግም" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ለዚህ ነው የሚያታልለው።

ዝገት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቀይ ነገር ነው። ስቲል ሲዝግ ዝገቱ ይላላጥና ይረግፋል፣ ከሥሩ ያለው ይጋለጣል፣ እሱም በተራው ይዝጋል። አሉሚኒየም ሌላ ጠባይ አለው። አየር እንደነካው፣ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ፣ ላዩ ኦክሳይድ ይለብሳል። ይህ ልብስ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ቢወፍር ነው፤ አንድ ተራ ወረቀት ከ25 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፣ ብትጭረውም መልሶ ይሸፈናል። አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ለመዋሃድ የሚቸኩል ብረት ነው። አደብ የያዘው ይህቺን ስስ ልብስ ስለለበሰ ብቻ ነው።

ልብሷ ጠንካራ አሲድና ጠንካራ አልካሊ አትችልም። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን ጨው ነው፤ በትክክል ለመናገር ጨው ውስጥ ያለውን ክሎራይድ። የባህር አየር፣ መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው፣ የሰው ላብ፣ ሁሉም ክሎራይድ አላቸው። ክሎራይድ ልብሱን ከላይ እስከ ታች አያወልቅም። ቢያወልቅማ እናየው ነበር። አንዲት ደካማ ነጥብ ፈልጎ እዚያች ላይ ይበሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ተንኮል የተሞላ ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፣ ስለዚህ ልብሱ መልሶ መጠገን ያቅተዋል። የሚሟሟው አሉሚኒየም ከውሃው ጋር ሲዋሃድ አሲድ ይወጣል። ክሎራይዱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሳባል። አሲዱ በበረታ ቁጥር ብዙ አሉሚኒየም ይሟሟል፣ ብዙ በሟሟ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። ጉድጓዱ ራሱን በራሱ ይመግባል። አፉ ላይ የሚከመረው ትርፍ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። እኔ በጨርቅ የጠረግሁት ክዳኑን ነበር።

* * *

መሪውን የገዛሁት ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ 7075። ከአሉሚኒየም ቅይጦች ጠንካራ ከሚባሉት ተርታ ነው፣ እኔም እሱን እያየሁ ነው የመረጥኩት። ስለዚህ ቁጥር ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ጥንካሬውና አሟሟቱ ከአንድ ቤት ነው የወጡት።

ንጹህ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ቀጭን ዘንጉን በእጅህ ታጥፈዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመን ውስጥ አልፍሬድ ቪልም የሚባል የብረት ተመራማሪ ትንሽ መዳብና ማግኒዥየም የተቀላቀለበትን አሉሚኒየም አግሎ በአንዴ አቀዘቀዘው። ስቲል ሲግልና በአንዴ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሰውየውም እንደዚያ እንዲሆንለት ነበር ሐሳቡ። የሱ ናሙና እዚህ ግባ የሚባል ጥንካሬ አላሳየም። ታሪኩ እንደሚነገረው ይህን የለካው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ተመልሶ ሲለካው ጠንክሮ አገኘው። ማንም አልነካውም። እረፍት ቀኑን ብቻውን ተቀምጦ ነው የጠነከረው።

ከዚህ ዱራሉሚን ተወለደ። የዜፔሊን የአየር መርከቦች አጽም የተሠራው በሱ ነው። ለምን እንደሚጠነክር የታየው ግን በ1938 ነው። ጊኒየር ፈረንሳይ፣ ፕሬስተን እንግሊዝ ሆነው፣ ሁለቱም በየፊናቸው በኤክስሬይ አዩት። የመዳቡ አተሞች አሉሚኒየሙ ውስጥ ቀስ በቀስ ተሰባስበው በጣም ጥቃቅን ጉብታዎች ይሠራሉ። ብረት የሚታጠፈው የአተም ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ነው። ጉብታዎቹ መንሸራተቻው ላይ እንደተበተነ ጠጠር ይሆናሉ።

7075 ላይ ዋናው ቅልቅል ዚንክና ማግኒዥየም ሲሆን መዳብም ተጨምሯል። ቲ6 በሚባለው የሙቀት አሠራር ካለፈ እስኪበጠስ ድረስ 570 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ገደማ ይችላል። ለሳይክል አካል በብዛት የሚሠራበት 6061 በተመሳሳይ አሠራር 310 ገደማ ነው። ለግንባታ የሚውለው ተራ ስቲል እንኳ ወደ 400 ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሰው በ7075 ቢማረክ አይፈረድበትም።

ዕዳውም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ከጥቃቅኖቹ ጉብታዎች ሌላ፣ ቅይጡ ውስጥ በትልልቁ የቀሩ መዳብና ብረት (አይረን) የበዛባቸው ቅንጣቶች አሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት ከጎኗ ካለው አሉሚኒየም ጋር ትንሽ ባትሪ ትሆናለች። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ባትሪው ሥራ ፈት ነው። ጨዋማ ውሃ ሲያገኝ ይሠራል፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ቅንጣቷ ዙሪያዋ ተበልቶ ትወድቅና ጉድጓድ ትተዋለች። ንጹህ አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ለስላሳ ነው፣ ግን ጨውን ይችለዋል። ለዚህም ነው የአውሮፕላን ሠሪዎች ጠንካራውን ላሜራ ላዩን በስስ ንጹህ አሉሚኒየም የሚለብጡት። ደካማው ጠንካራውን ይሸፍነዋል።

* * *

አሁን ወደ ድካም። ሽቦ በእጅህ አጥፈህ ዘርግተህ፣ አጥፈህ ዘርግተህ የሰበርክ ከሆነ ድካምን ታውቀዋለህ። የሚገርመው ክፍል ግን በዓይን የሚታይ መታጠፍ ሳይኖር ሲሆን ነው። ብረቱ ከሚችለው በታች፣ በጣም በታች የሆነ ጫና ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ይሰነጠቃል። ቃሉን ድካም ያለው ሰው ግን ትንሽ አሳስቶናል። ሰው ሲደክመው ተኝቶ ይነሳል። ብረት ቢያርፍም የቆጠረው አይሰረዝለትም።

ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክስሎች ለምን እንደሚሰበሩ ሲመረምር ይህን በሥርዓት ለካው። ስቲል ላይ አንድ ደግ ነገር አለ። ከተወሰነ ጫና በታች ከሆንክ የፈለግኸውን ያህል ብታመላልሰው አይሰበርም። ወለል አለው። አሉሚኒየም ወለል የለውም። ጫናውን ስትቀንስ ዕድሜው ይረዝማል፣ ያ ብቻ ነው። የትኛውንም መዝገብ ብታይ ለአሉሚኒየም የሚሰጥህ የድካም ጥንካሬ ከዚህን ያህል ዙር በኋላ ተብሎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 500 ሚሊዮን። 7075 እዚያ ላይ 160 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፣ 6061 ደግሞ 97። ከ570 ተነስተህ 160። በጥንካሬ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ቅይጥ እዚህ ጋ ብልጫው እንደጠበበም ልብ በሉልኝ።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና የሚያዞር ማሽን ነበር። ጣት የማያክል ዘንግ ታስርበታለህ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ታንጠለጥላለህ፣ ሞተሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ያዞረዋል። በእያንዳንዱ ዙር የዘንጉ ላይ አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይጨመቃል። የማሽኑ ኃላፊ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ናሙናዬ 10 ሚሊዮን ዙር አልፎ ምንም አልል አለኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሰበርም። ላጥፋው?"

"ስቲል መሰለህ እንዴ? ተወው ይዙር።"

ከአራት ቀን በኋላ ሌሊት ላይ ተሰበረ። ጠዋት ስመጣ ማሽኑ ቆሟል፣ ቆጣሪው ቆሟል፣ ሁለቱ ቁራጮች ጋሼ ጠረጴዛ ላይ በነጭ ወረቀት ላይ ተቀምጠዋል። ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። "ይቺን ግማሽ ጨረቃ አየሃት?" የተሰበረው ፊት ሁለት ዓይነት ነው። ከጠርዙ የሚነሳ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ልሙጥ ቦታ አለ፤ ስንጥቁ ቀስ እያለ የሄደበት። ቀሪው ሻካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በመጨረሻው ቅጽበት በአንዴ የተበጠሰው። የልሙጡ ስፋት ስንጥቁ ማንም ሳያየው የሄደበት መንገድ ነው።

* * *

ዝገቱና ድካሙ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለበጎ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ናሙና አስብ። አንዱን በደረቅ አየር ታዞረዋለህ። ሁለተኛውን መጀመሪያ ጨው ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ አውጥተህ አድርቀህ ታዞረዋለህ። ሦስተኛውን እያዞርክ ጨው ውሃ ታንጠባጥብበታለህ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀድሞ ይሞታል። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። በመዝገብ ላይ ያለው የድካም ጥንካሬ በጨው ውሃ ውስጥ ወደ ግማሽ፣ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ስቲል እንኳ የምትመካበት ወለል ጨው ውሃ ውስጥ ትጠፋለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማክአዳም ይህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰፊው ሲሞክር አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አይቷል። ውሃ እየነካው በሚደክም ስቲል ላይ፣ ጠንካራ መሆንና ለስላሳ መሆን ያን ያህል ልዩነት አያመጣም። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ጥንካሬ ውሃ በላው።

ሥራ ክፍፍላቸው እንዲህ ነው። ዝገቱ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ከፀጉር ውፍረት ቢያንስም ጫና የሚከማችበት ቦታ ይሆናል። ላዩ ልሙጥ የሆነ ናሙና ላይ ስንጥቅ እስኪጀመር ድረስ የሚፈጀው ጊዜ የዕድሜው ትልቁ ክፍል ነው፤ ጉድጓዱ ይህን ጊዜ በነጻ ይሰጠዋል። ከዚያ ድካሙ ስንጥቁን ይከፍታል። ስንጥቁ በተከፈተ ቁጥር ጫፉ ላይ ልብስ ያልለበሰ ትኩስ አሉሚኒየም ይጋለጣል። ውሃው ይደርስና ከሱ ጋር ይዋሃዳል፤ ከዚያ ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከስንጥቁ ጫፍ ፊት ያለው ብረት ውስጥ ይገባና ተሰባሪ ያደርገዋል። ቀጣዩ ዙር የሚያገኘው የተዳከመ ብረት ነው።

ለዚህ ደግሞ ባህር አያስፈልግም። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ይበቃል። አሉሚኒየም አየር በሌለበት ቫኪዩም ውስጥ ሲፈተን ስንጥቁ እርጥብ አየር ውስጥ ካለው በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። "ደረቅ አየር" ብለን የምንመዘግበው ሁሉ ለካ ትንሽ ዝገት አለበት።

ጨው ውሃውን ስናንጠባጥብ ጋሼ መጥተው ማሽኑን አዩ።

"ፍጥነቱን ቀንሰው።"

"ጋሼ፣ ይዘገያል እኮ። ማስረከቢያዬ ደርሷል።"

"ውሃው እንዲሠራ ጊዜ ስጠው እንጂ!"

ያኔ ለማዘግየት ነበር የመሰለኝ። ነገሩ ግን ይህ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ስታዞረው 500 ሚሊዮን ዙር አራት ወር ገደማ ይፈጃል። እውነተኛ ዕቃ ያንን ዙር የሚሠራው በሃያና ሠላሳ ዓመት ነው። ድካሙን አፍጥነኸዋል፣ ዝገቱን ግን አላፈጠንከውም። ቀስ ብለህ ስታዞረው በእያንዳንዱ ዙር ስንጥቁ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ውሃውም ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ በጨው ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚዞረው ናሙና በትንሽ ዙር ይሰበራል። እኔ በችኮላ የሠራሁት ሙከራ አሉሚኒየሙን ከሆነው በላይ ጎበዝ አስመስሎት ነበር።

* * *

ስለ አውሮፕላን ድካም ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው እ.ኤ.አ. የ1954ቱን የኮሜት መንገደኛ ጄት አደጋ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የሃዋይው ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ጨው አለበት።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988። አሎሃ ኤርላይንስ፣ በረራ 243፣ ቦይንግ 737። ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ። አውሮፕላኑ የ19 ዓመት ነው። የሰዓቱ ብዛት የሚያስፈራ አይደለም፤ 35 ሺህ ከምናምን። የበረራው ብዛት ግን 89,680 ነው። አካፍሉት፤ በአማካይ አንዱ በረራ 24 ደቂቃ ነው። ከደሴት ደሴት ይዘላል። አውሮፕላን ከፍ ሲል ውስጡ በአየር ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል። እያንዳንዱ በረራ ለቆዳው አንድ ዙር ነው። ወደ 90 ሺህ ጊዜ ተነፍቶ ተንፍሷል፣ ያውም የባህር አየር ውስጥ።

ቆዳው ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ሁለት ላሜራ ሲገናኝ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረብና በማጣበቂያና በሪቬት (በማያያዣ ሚስማር) ይያዛል። ዲዛይኑ ሸክሙን በዋናነት ለማጣበቂያው ነበር የሰጠው። ማጣበቂያው በጊዜ ብዛት ለቀቀ። መሃሉ እርጥበት ገባ፣ ዘገተ። የአሉሚኒየም ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ላሜራዎቹን ከውስጥ ሆኖ ይገፋቸዋል። ሸክሙ ሪቬቶቹ ላይ ወደቀ። የሪቬቱ ራስ እንዲቀበር የላሜራው ቀዳዳ በሾጣጣ ተፈልፍሎ ነበር፤ ስለዚህ የቀዳዳው ታችኛው ጠርዝ እንደ ቢላ ስል ነው። ስንጥቅ ለመጀመር ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። አንድ ረጅም ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታይ ነበር። የሆነው ግን በተርታ ካሉት ሪቬቶች ብዙዎቹ ሥር ትንንሽ ስንጥቆች አደጉ፤ አንድ ቀን ተያያዙ።

በ24 ሺህ ጫማ ላይ ከፊት በር ኋላ ያለው ጣሪያ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ተገንጥሎ ሄደ። መንገደኞቹ ሰማይ እያዩ፣ ነፋሱ ፊታቸውን እየገረፋቸው፣ በቀበቶ ታስረው ቀሩ። አብራሪዎቹ ከ13 ደቂቃ በኋላ ማዊ ደሴት ላይ አሳረፉት። 95 ሰው ነበር። ጣሪያው ሲሄድ ቆማ የነበረች አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ተወሰደች፤ አልተገኘችም። ሌሎቹ ሁሉ ተርፈዋል።

ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት መንገደኛ ስትሳፈር በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለምን ብዬ እፈርድባት ነበር። አሁን አልፈርድም። እሷ መሐንዲስ አይደለችም፣ ጨርቅም አልያዘችም።

* * *

ወደ መሪዬ ልመለስ። የተሰበረውን ፊት በማጉያ ሳየው ግማሽ ጨረቃዋ አለች፣ ግን ጋሼ ካሳዩኝ የተለየች ናት። የዚያኛው ልሙጥ ቦታ ንጹህ ነበር። የኔው ግራጫ ነው፣ መነሻው ጋ ነጣ ያለ ቆሻሻ ሞልቶታል። ውሃው እዚያ ድረስ ገብቶ እንደነበር ምስክር ነው። መነሻው ማቀፊያው ጠርዝ ላይ ያለች ጉድጓድ ናት። አጠገቧ ሌሎች አሉ፣ እንደ ፈንጣጣ። ልሙጡ ቦታ ከቱቦው ዙሪያ ከግማሽ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር፣ የመጨረሻዎቹን ቀናት ስጋልብ የነበረው በግማሽ መሪ ነው።

ጨው ከየት መጣ? ከኔው። ዝናብ በሆነ ጊዜ ሳይክሉን ቤት ውስጥ መቆሚያ ላይ አስሬ ነበር የምለማመደው። መንገድ ላይ ንፋሱ ላብህን ያደርቀዋል። ቤት ውስጥ ከአገጭህ ቀጥ ብሎ መሪው ላይ ይንጠባጠባል። ቴፑ እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል፣ አይደርቅም። የፍሬን እጀታው የሚታሰርበት ቀበቶና ቡሎን ደግሞ ስቲል ናቸው፤ ከአሉሚኒየም ጋር በላብ ሲገናኙ ያቺው ባትሪ በትልቁ ትሠራለች። ማቀፊያው ሥር ጥቁር ዱቄትም አግኝቻለሁ። እሱ የሌላ ነገር ነው። ሁለት አሉሚኒየም በጣም በትንሹ ሲፋተጉ የሚወጣ ነው። ፍትጊያው መከላከያ ልብሱን እየላጠ ይቀጥላል።

ድካሙንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፔዳል በደቂቃ 80 ጊዜ ይዞራል ብንል በሰዓት 4,800 ነው። ዳገት ላይ ተነስቼ ስረግጥ መሪው በእያንዳንዱ ዙር አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሳባል። የመንገዱ ንዝረት አልተቆጠረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የኔው ላብ መሆኑ ነው ነገሩን ያስቃል ያሰኘኝ።

"ታዲያ አኖዳይዝ ተደርጎ የለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ተደርጓል፣ ጥቁር ነበር። አኖዳይዝ ኦክሳይዱን በኤሌክትሪክ አወፍሮ ከናኖሜትር ወደ ማይክሮሜትር ያደርሰዋል። ለዝገት ጥሩ ነው። ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፣ በተለይ ወፍራሙ። ብረቱ ሲለጠጥ እሱ ይሰነጠቃል፣ ያም ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ወፍራም አኖዳይዝ የድካም ጥንካሬን የሚቀንሰው ለዚህ ነው። 7075ን ራሱን ቲ73 በሚባል አሠራር ከልክ በላይ ካቆዩት ከጥንካሬው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሰጥና በዝገትና በውጥረት ከመሰንጠቅ ይድናል። የአውሮፕላን ሰዎች ይህን ዋጋ በደስታ ይከፍላሉ። የሳይክል ዕቃ ገበያ ግን ግራም ይቆጥራል። እኔም ስቆጥር ነበር። አዲሱ መሪዬ 6061 ነው፣ ወፈር ያለ፣ በ60 ግራም የሚከብድ። ከቤት ልምምድ በኋላ በንጹህ ውሃ አጥቤ አደርቀዋለሁ፣ ቴፑን በየስድስት ወሩ እፈታለሁ። ነጭ ነገር ካየሁ መሪው ይወገዳል። ጠረግ ጠረግ የለም።

ቀኙ ግማሽ የት ገባ የሚል ካለ፣ ጋሼ ጋ ነው። ጉልበቴ ሲሽር ሁለቱንም ይዤ ላብራቶሪው ሄድኩ። ግራውን አገላብጠው አዩና ወዲያው ወደ ጎን አደረጉት። "የተሰበረውንማ ማንም ያየዋል" አሉ። ያልተሰበረውን ቀኙን በሟሟ አጠቡት። ላዩ ላይ ቀይ ቀለም ረጩበት፣ ትንሽ ቆዩ፣ በንጹህ ጨርቅ ወልውለው አጠፉት። ቱቦው እንደ አዲስ ሆነ። ከዚያ ነጭ ዱቄት ነፉበት። ዱቄቱ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ ቀለም ካለ ይስበዋል። ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኔ ምንም የሚመጣ አልመሰለኝም፤ ያኛው ወገን ደህና ነው ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ነጥብ መጣች። ነጥቧ ረዘመች፣ እንደ ምላጭ ጭረት ሆነች። ከጎኗ ሌላ መጣች።

"ሦስት" አሉ ጋሼ። እኔ ገና ሁለቷን ነበር ያየሁት።

ቁራጩን ልውሰድ ስል እጄን መለስ አደረጉት። "ይሄ ለተማሪ ማሳያ ይሆናል። ያን ጨርቅህንም ብታመጣው ጥሩ ነበር።"